ከላይከርት የወሰድነው ሳጥኑን ብቻ ነው

የማስተርስ ቴሲስ ከፍታችሁ ምዕራፍ ሦስትን ብታነቡ ይህን ዓረፍተ ነገር ማግኘታችሁ አይቀርም፤ «ጥናቱ ባለ አምስት ነጥብ የላይከርት ስኬል ተጠቅሟል።» ማርኬቲንግ ይሁን፣ ማኔጅመንት ይሁን፣ የትምህርት አስተዳደር ይሁን ለውጥ የለውም። አባሪው ላይ ሠንጠረዡ አለ። በግራ በኩል አርባ ሃምሳ ዓረፍተ ነገር ተደርድሯል፣ በቀኝ በኩል አምስት ሳጥን፤ በጣም አልስማማም፣ አልስማማም፣ ገለልተኛ፣ እስማማለሁ፣ በጣም እስማማለሁ። ምዕራፍ አራት ላይ ደግሞ አማካዩ ይተረጎማል። ከ1.00 እስከ 1.80 «በጣም ዝቅተኛ»፣ ከ1.81 እስከ 2.60 «ዝቅተኛ» እያለ እስከ 5.00 ይሄዳል። ድርጅቶች ፕሮጀክት ከመጀመራቸው በፊት የሚያደርጉት የባዝላይን ሰርቬይም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ሳጥኑን አልጠላም። የሚያናድደኝ ሁሉን ነገር የሚሠራልን መምሰሉ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ምንም ይሁን ምን፣ ከአምስቱ ሳጥን ጎን ካስቀመጥነው ተለካ ብለን እናምናለን። ሰው ስለ ሥራው፣ ስለ አለቃው፣ ስለ ጤና ጣቢያው፣ ስለ መንግሥት ያለውን ስሜት በቁጥር መያዝ ይቻላል። በዚህ አምናለሁ፣ እንጀራዬም ነው። ግን ብዙ ሥራ ይፈልጋል። እኛ የተውነው ያንን ሥራ ነው።

መጀመሪያ ላይከርት ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከሬንሲስ ላይከርት በፊት አመለካከትን መለካት አድካሚ ነገር ነበር። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ሉዊስ ተርስተን በ1928 አመለካከት ሊለካ ይችላል ብሎ ጻፈ። በዓመቱ ከባልደረባው ጋር ሰዎች ስለ ቤተ ክርስቲያን ያላቸውን አመለካከት የሚለካ ስኬል አወጣ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ስለ ቤተ ክርስቲያን የሚባሉ ከመቶ በላይ ዓረፍተ ነገሮች ይሰበሰባሉ። 300 ያህል ዳኞች ዓረፍተ ነገሮቹን ከ«በጣም የሚደግፍ» እስከ «በጣም የሚቃወም» በ11 ክምር ይከፋፍላሉ። ዳኞቹ የሚጠየቁት የራሳቸውን ሐሳብ አይደለም፤ ዓረፍተ ነገሩ ምን ያህል ደጋፊ ወይም ተቃዋሚ እንደሆነ ብቻ ነው። ዳኞቹ የተስማሙበት ይቀራል፣ የተለያዩበት ይጣላል። መላሹ ጋ የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ላይከርት በ1932 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሠራው የዶክትሬት ጥናት ዳኞቹን አስቀረ። መላሹ ራሱ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ምን ያህል እንደሚስማማ ይናገር፣ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጠው፣ ነጥቦቹ ይደመሩ አለ። ውጤቱም ዳኞች ከደከሙበት ስኬል የማያንስ ሆኖ ተገኘ። እስከዚህ ያለውን ሁሉም ያውቃል። ቀጥሎ ያለው ነው የሚረሳው። ላይከርት ዓረፍተ ነገሮቹን ካስሞላ በኋላ አንድ በአንድ ፈተናቸው። በጠቅላላ ድምር ከፍተኛ ነጥብ ያገኙ ሰዎችና ዝቅተኛ ነጥብ ያገኙ ሰዎች በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ የተለያየ መልስ ሰጥተዋል ወይ? ካልተለያዩ ዓረፍተ ነገሩ የሚለካው ሌላ ነገር ነው፣ ወይም ምንም አይለካም። ስለዚህ ይጣላል።

በዚህ አሠራር ውስጥ አምስቱ ሳጥን ትንሹ ነገር ነው። ላይከርት ስኬል ማለት አንድን አመለካከት ከተለያየ አቅጣጫ የሚነኩ፣ ተፈትነው የተረፉ ዓረፍተ ነገሮች ድምር ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻውን አምስት ሳጥን ስለተሰለፈለት ላይከርት ስኬል አይሆንም። ሌላም ልጨምርላችሁ። ላይከርት በ1939 ወደ አሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ሄዶ የገበሬዎችን ሐሳብ የሚያጠና ክፍል ሲመራ፣ የእሱ ጠያቂዎች የሚታወቁት በክፍት ጥያቄ ነበር። ገበሬው በራሱ አነጋገር እንዲመልስ ይተዉታል። ስሙ ከሳጥን ጋር የተጣበቀው ሰው፣ ሳጥን የማያስፈልግበትን ቦታ ያውቅ ነበር።

የባንክና የቴሌኮም አገልግሎት ላይ የሚሠሩ ልጆች የሚወዱት ሰርቭኳል የሚባል መጠይቅ አለ። በ1988 ሦስት አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች ያወጡት ነው። 22 ጥያቄ አለው። እኛ 22ቱን እንገለብጣለን። ሰዎቹ ግን የተነሡት ከ97 ነው። አስሞሉ፣ አሰሉ፣ ጣሉ፣ እንደገና አስሞሉ፣ እንደገና ጣሉ፤ 22 ቀረ። ያውም ባለ ሰባት ነጥብ ነበር፣ ያውም ደንበኛው የሚጠብቀውንና ያገኘውን ለየብቻ እየጠየቀ። እኛ ጋ ሲደርስ አምስት ነጥብ ይሆናል፣ «የሚጠብቀው» የሚለው ግማሽ ብዙ ጊዜ ይቀራል፣ ስሙ ግን ሰርቭኳል እንደተባለ ነው። አንድ ተማሪ መጠይቁን ወስዶ ለአዲስ አበባ ደንበኛ ቢያስተካክለው ነውር የለውም፤ እንዲያውም ማስተካከል አለበት። ያስተካከለውን መልሶ መፈተን እንዳለበት ግን ማንም አይነግረውም።

አሁን ወደ ዓረፍተ ነገሮቹ እንግባ። ብዙ ጥፋት ያለው እዚህ ነው።

«የባንኩ አገልግሎት ፈጣንና አስተማማኝ ነው።» ገንዘብ ከፋዮቹ ፈጣኖች ናቸው፣ ግን ሁለት ቀን ከሦስት «ሲስተም የለም» እባላለሁ የሚል ደንበኛ የት ይግባ? ሁለት ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠየቃችሁት። 3 ይመታል። እናንተ ደግሞ «ደንበኞች ገለልተኛ አቋም አላቸው» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ሰውየው ገለልተኛ አይደለም። ገንዘብ ከፋዮቹን ይወዳል፣ በሲስተሙ ተማሯል።

«የቅርብ አለቃዬ በሠራተኞች መካከል አያዳላም።» አለቃው ያዳላል ብሎ የሚያምን ሠራተኛ «አልስማማም» ማለት አለበት። በወረቀት ላይ ቆም ብሎ ላሰበ ሰው ይገባል። ሲነበብለት ግን «አያዳላም» ብሎ ለመመስከር የፈለገው ሰው ራሱ «አልስማማም» ሲል ትሰማላችሁ፤ በአሉታ ለተነገረ ነገር በአሉታ ይመልሳል። አንዱ 1 ማለት ደግ አለቃ፣ ሌላው 1 ማለት ክፉ አለቃ ይሆናል። አሉታዊ ዓረፍተ ነገር ማስገባት ካስፈለገ፣ ተቃራኒውን በአዎንታ ማለት ይቻላል፤ «አለቃዬ የሚያዳላላቸው ሠራተኞች አሉ።» ይሄ ለማንም ግልጽ ነው።

«ድርጅቱ ለሠራተኞች በቂ ሥልጠና ይሰጣል።» ይሄ አመለካከት ነው ወይስ መረጃ? ሥልጠና መውሰዱን ለማወቅ ከሆነ «ባለፉት 12 ወራት ስንት ጊዜ ሥልጠና ወሰዱ?» በሉት። ስሜቱን ለማወቅ ከሆነ «በወሰዱት ሥልጠና ምን ያህል ረክተዋል?» በሉትና አማራጮቹን ከ«ምንም አልረካሁም» እስከ «በጣም ረክቻለሁ» አድርጉት። መስማማትና አለመስማማት ውስጥ መግባት ለምን አስፈለገ? ስለ እርካታ የምንጠይቅ ከሆነ የእርካታ አማራጭ፣ ስለ ድግግሞሽ ከሆነ የድግግሞሽ አማራጭ እንስጥ። «ብዙ ጊዜ ወረፋ እጠብቃለሁ፤ እስማማለሁ፣ አልስማማም» ማለት መላሹን ሁለት ጊዜ ማሳሰብ ነው፤ መጀመሪያ ስንት ጊዜ እንደጠበቀ ያስባል፣ ቀጥሎ ያ «ብዙ» ይባል እንደሆነ ይወስናል፣ ከዚያ ያንን ወደ መስማማት ይለውጣል። ብዙ ሰው እዚህ ከመድረሱ በፊት ይደክመዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ላይከርት መጠይቁን ያስሞላው የኮሌጅ ተማሪዎችን ነበር። ወረቀቱን ራሳቸው አንብበው ራሳቸው ምልክት ያደርጋሉ። እኛ ገጠር ስንወጣ ጠያቂው ታብሌት ይዞ ያነባል፣ መላሿ ሰምታ ትመልሳለች። ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው፤

— «እማማ፣ አንድ ነገር ላንብብልዎት። ‹የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በአክብሮት ታስተናግደኛለች።› ምን ይላሉ?»

— «አዎ ልጄ፣ ታስተናግደኛለች። ጨዋ ልጅ ናት።»

— «በጣም ይስማማሉ ወይስ ይስማማሉ?»

— «ጨዋ ናት አልኩህ እኮ።»

ጠያቂው 4 ይምታ 5? ገና ሠላሳ ጥያቄ ይቀረዋል፣ ከመምሸቱ በፊት ሌላ ሦስት ቤት መድረስ አለበት። የመሰለውን ይመታል። ከዚያ በ4 እና በ5 መካከል ያለው ልዩነት የእማማ ሳይሆን የጠያቂው ይሆናል። አንዱ ጠያቂ 5 ይወዳል፣ ሌላው 4። ዳታውን በጠያቂ ስም ከፋፍላችሁ እዩት፤ አንዳንዴ በወረዳዎች መካከል አገኘን የምንለው ልዩነት በጠያቂዎች መካከል ያለ ልዩነት ሆኖ ይገኛል።

ይሉኝታም አለ። እንግዳ ቤት መጥቷል፣ በርጩማ ተሰጥቶታል፣ ቡና ቀርቧል። እንግዳው የሚያነበው ዓረፍተ ነገር ላይ «አልስማማም» ማለት እንግዳውን መቃወም ይመስላል። ጠያቂውን ይዞ የመጣው የቀበሌ ሰው አጠገብ ከቆመ ደግሞ ነገሩ አለቀ። ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ1950 በታተመ ስለ አምባገነናዊ ስብዕና በተደረገ ትልቅ ጥናት፣ ኤፍ ስኬል የተባለው መለኪያ ዓረፍተ ነገሮቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የተጻፉ ነበሩ። የተስማማ ሁሉ አምባገነንነትን የሚወድ ተደርጎ ይቆጠራል። ተቺዎቹ ጠየቁ፤ ከነዚህ ሰዎች ስንቱ ነው አምባገነንነትን የሚወደው፣ ስንቱ ነው የቀረበለትን ሁሉ እሺ የሚለው? ይህ ጥያቄ ያንን ጥናት እስከ ዛሬ ይከተለዋል።

መፍትሔ አለው፣ ውድም አይደለም። በብዙ የአፍሪካ አገሮች የሕዝብን አስተያየት የሚያጠናው አፍሮባሮሜትር ብዙ ጥያቄዎቹን የሚያቀርበው ሁለት ተቃራኒ ሐሳቦችን አስቀምጦ ነው፤ ከሁለቱ የትኛው ከእርስዎ ሐሳብ ጋር ይቀራረባል ይላል። መላሹ ከመረጠ በኋላ «በጣም ነው የሚስማሙት ወይስ ይስማማሉ ብቻ?» ተብሎ ይጠየቃል። እሺ ባይ ሰው ለሁለቱም እሺ ማለት ስለማይችል መምረጥ ግድ ይሆንበታል። የእማማን ጥያቄ በዚህ መንገድ ብንጽፈው፤ «አንዳንድ እናቶች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በደንብ ታዳምጠናለች ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ትቸኩላለች፣ ሐሳባችንን አታስጨርሰንም ይላሉ። እርስዎ የትኛውን ይላሉ?» አሁን ቅሬታ ያላት እናት ቅሬታዋን የምትጥልበት ቦታ አገኘች። ሌሎችም እንዲህ እንደሚሉ ሰምታለች፣ ብቻዋን አይደለችም። ቀጥሎ ጥንካሬውን መጠየቅ ነው። ሁለት አጭር ጥያቄ፣ አምስት አማራጭ በጆሮ ከመያዝ ይቀላል።

ሥዕልም ይረዳል። ሃድሊ ካንትሪል በ1965 ያወጣው መሰላል አለ። ታችኛው ደረጃ 0፣ ላይኛው 10። ላይኛው ለእርስዎ የሚቻለው ከሁሉ የተሻለ ሕይወት፣ ታችኛው ከሁሉ የከፋው ሕይወት ነው፣ ዛሬ እርስዎ የትኛው ደረጃ ላይ ነዎት? በየዓመቱ የአገራትን የደስታ ደረጃ የሚያወጣው ሪፖርት የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። መሰላል ያላየ ሰው የለም። ጣት ጠቁሞ መመለስ ይቻላል፣ ማንበብ አያስፈልግም። አንዳንዴ ደግሞ ደረጃ ራሱ አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጭንቀትን ለመለየት ያወጣው ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ አዎ ወይም አይደለም ብቻ ነው የሚለው፤ ቡታጅራ አካባቢ በ1990ዎቹ ለተደረገው ትልቅ ጥናት ያገለገለው እሱ ነው።

ስለ መካከለኛው ሳጥንም ልበል። «ገለልተኛ» የሚለው ሳጥን ውስጥ አራት ዓይነት ሰው ይገባል። በእውነት መሐል ላይ ያለ፣ ጉዳዩን የማያውቅ፣ ዓረፍተ ነገሩ ያልገባው፣ ደግሞም የሚያውቀውን መናገር የፈራ። አራቱም 3 ሆነው ይደመራሉ። «አላውቅም» እና «መመለስ አልፈልግም» የሚሉትን ለይታችሁ፣ ከስኬሉ ውጪ አስቀምጡላቸው። ጠያቂው ባያነባቸውም ታብሌቱ ላይ ይኑሩ።

ፍርሃትን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። አፍሮባሮሜትር ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ ሰርቬይ ያደረገው በ2013 ነው። በዚያ ሰርቬይ ኢትዮጵያውያን የአገራቸውን ዴሞክራሲ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ሕዝብ በላይ ከፍ አድርገው ደረጃ ሰጡት። ውጤቱን የተነተኑት ተመራማሪዎች ቁጥሩን ዝም ብለው አልተቀበሉም። ይህ ፍርሃት ነው? ስለ ዴሞክራሲ በቂ መረጃ ማጣት ነው? ወይስ ለዴሞክራሲ ያላቸው ትርጉም የተለየ ነው? ብለው በግልጽ ጻፉ። ይህን ማክበር ያስፈልጋል። አፍሮባሮሜትር በየአገሩ ቃለ መጠይቁን ሲጨርስ «ማን የላከን ይመስልዎታል?» ብሎ ይጠይቃል። መንግሥት ነው የላካችሁ የሚል ሰው የሰጠውን መልስ ለይቶ ማየት ይቻላል ማለት ነው። አንድ ጥያቄ ነው፣ ማንም መጠይቁ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል፤ በእኛ ቴሲሶች ውስጥ ግን አላየሁትም።

ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ኖርበርት ሽዋርዝና ባልደረቦቹ በ1991 ያሳተሙትን የጀርመን ሙከራ ሁሌ ለሰው እነግራለሁ። ሰዎች በሕይወታቸው ምን ያህል እንደተሳካላቸው ተጠየቁ። ጥያቄው አንድ ነው፣ 11 ነጥብ፣ ሁለቱ ጫፎች ላይ ያሉት ቃላትም አንድ ናቸው። ልዩነቱ ለግማሾቹ ቁጥሩ ከ0 እስከ 10፣ ለግማሾቹ ከ−5 እስከ +5 መሆኑ ብቻ ነው። ከ0 እስከ 10 ከተሰጣቸው 34 በመቶው በታችኛው ግማሽ ውስጥ ራሳቸውን አስቀመጡ። ከ−5 እስከ +5 ከተሰጣቸው ግን 13 በመቶው ብቻ። ኔጌቲቭ ቁጥር ለሰው «አልተሳካልህም» ብቻ ሳይሆን «ከስረሃል» ይለዋል። 0 ደግሞ ባዶ ነው የሚለው። አማራጮቹ ላይ የምትጽፉት ቁጥር ካላስፈለገ አትጻፉት፤ ለእያንዳንዱ ሳጥን ስም ስጡት፣ ቁጥሩን በኋላ ኮምፒውተር ላይ ታስገቡታላችሁ። አምስት ይሻላል ሰባት የሚለው ክርክር ግን ብዙ ጊዜ የሚገባው አይመስለኝም። ራሳቸው ለሚያነቡ ሰዎች ሰባትም ይሆናል፣ ለሚነበብላቸው ከአምስት ባይበልጥ ጥሩ ነው።

ሌላው ትልቅ ነገር፣ የአንዱ «ጥሩ» የሌላው «ጥሩ» አለመሆኑ ነው። ሁለት ቀበሌ ስለ ውሃ አገልግሎት ጠየቃችሁ እንበል። አንዱ ቀበሌ ውሃ በየቀኑ ይመጣል፣ ከሰዓት ስለሚቋረጥ ሰው ተማሯል። ሌላው ቀበሌ ድሮ ምንም አልነበረም፣ አሁን በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል፣ ሰው አመስጋኝ ነው። እርካታውን ብታወዳድሩ ሁለተኛው ይበልጣል። ሪፖርቱ ላይ «የተሻለ አገልግሎት» ተብሎ ይጻፋል። በጀትም በዚሁ ይመደባል። ጋሪ ኪንግና ባልደረቦቹ በ2004 ይህንኑ በቻይናና በሜክሲኮ አሳዩ። በመንግሥት ሥራ ላይ ምን ያህል ድምፅ አለዎት ተብለው ሲጠየቁ፣ ቻይናውያን ከሜክሲኳውያን በላይ አለን አሉ። ሜክሲኮ እኮ በ2000 ለ71 ዓመት የገዛትን ፓርቲ በምርጫ ያወረደች አገር ናት። ተመራማሪዎቹ ግን ከዋናው ጥያቄ ጋር አጫጭር የሰው ታሪኮችን አብረው ጠይቀው ነበር፤ ይህ ሰው እንዲህ ያለ ችግር አለበት፣ እንዲህ ያደርጋል፣ እሱስ ምን ያህል ድምፅ አለው? ሰው ለታሪኮቹ የሰጠውን ነጥብ መነሻ አድርገው የራሱን መልስ ሲያስተካክሉት ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። ለውሃውም ማድረግ ይቻላል፤ «ወይዘሮ አልማዝ ቤት ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፣ ማታ ማታ ነው። የእሳቸውን የውሃ አገልግሎት እንዴት ያዩታል?» ሁለቱም ቀበሌ ለወይዘሮ አልማዝ የሚሰጡትን ነጥብ ስታዩ የየራሳቸው መለኪያ ከየት እንደሚጀምር ይገባችኋል።

አምስቱ ሳጥን የሌለበት፣ ግን እኔ የማከብረው የአገራችን ምሳሌ አለ። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ሰርቬይ ሴቶችን ይጠይቃል፤ ባል ሚስቱን መምታቱ ተገቢ ነው ወይ፣ ምግብ ብታሳርር? ብትከራከረው? ሳትነግረው ብትወጣ? ልጆቹን ብትዘነጋ? ግንኙነት እምቢ ብትለው? አዎ ወይም አይደለም። ቢያንስ በአንዱ ምክንያት ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች በ2000 85 በመቶ ነበሩ። በ2005 81፣ በ2011 68፣ በ2016 63። በ2016 ወንዶቹ 28 በመቶ ብቻ ናቸው አዎ ያሉት። እነዚህን ቁጥሮች ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል። ጥያቄው ግን በደንብ የተሠራ ነው። «የሚስት መመታትን እደግፋለሁ፤ እስማማለሁ፣ አልስማማም» ቢባል ኖሮ ሁሉም «አልስማማም» ባለ ነበር። የተጠየቀው ስለ ሳረረ ወጥ ነው፤ ማንም ቤት ያለ ነገር ነው፣ ሰውም የሚያስበውን ይመልሳል። ጥያቄው ሳይለወጥ በየጊዜው ስለተጠየቀም ለውጡን መከተል ተቻለ።

ያም ሆኖ ወንዶቹ ያሉት 28 በመቶ የሚያደርጉትን አይነግረንም። መልስ መልስ ነው። ሪቻርድ ላፒየር የተባለ አሜሪካዊ ሶሺዮሎጂስት በ1934 ያሳተመው ጥናት ይህን ያሳያል። ከአንድ ወጣት ቻይናዊ ባልና ሚስት ጋር አሜሪካን ዞረ። በዚያን ጊዜ በቻይናውያን ላይ ከባድ ጥላቻ ነበር። ከ251 ሆቴልና ምግብ ቤት አንዱ ብቻ ነው አላስተናግድም ያላቸው። በኋላ ለእነዚያው ቤቶች ቻይናውያንን ታስተናግዳላችሁ ወይ ብሎ በደብዳቤ ሲጠይቅ፣ ከመለሱት ከ90 በመቶ በላይ አናስተናግድም አሉ። በወረቀት ላይ ያለውና በር ላይ የሚሆነው ሁለት ነገር ነው። እዚያ ወረቀቱ ከፋ፤ የእኛ ወንዶች ጋ ወረቀቱ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «የማኅበረሰቡ ባህርይ ተለወጠ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት የለካችሁት የተናገሩትን እንደሆነ አስታውሱ።

ስሌቱ ላይ አልቆይም፣ አንድ ሁለት ነገር ብቻ። ግማሹ ሠራተኛ 5፣ ግማሹ 1 ቢል አማካዩ 3 ነው። በዚያ የ1.00–1.80 ሠንጠረዥ «መካከለኛ» ተብሎ ይተረጎማል። መካከለኛ የሆነ አንድም ሰው የለም፤ መሥሪያ ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል። ያ ሠንጠረዥ የመጣው ከ5 ላይ 1 ተቀንሶ ለ5 ሲካፈል 0.8 ስለሚሰጥ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ምሥጢር የለውም። ስቲቨንስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1946 የለየው ነገር አለ፤ በ«አልስማማም» እና በ«ገለልተኛ» መካከል ያለው ርቀት በ«እስማማለሁ» እና በ«በጣም እስማማለሁ» መካከል ካለው ጋር እኩል እንደሆነ አናውቅም፣ የምናውቀው ቅደም ተከተሉን ነው። እኔ በዚህ ላይ አክራሪ አይደለሁም። ተፈትነው የተደመሩ ስምንት አሥር ዓረፍተ ነገሮች ካሏችሁ የድምሩን አማካይ ውሰዱ፣ ችግር የለም። ለአንድ ነጠላ ዓረፍተ ነገር ግን ስንት በመቶው ምን እንዳለ በግልጽ አሳዩ።

የክሮንባክ አልፋም እንዲሁ። በ1951 የወጣ ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ዓረፍተ ነገሮቹ አብረው ይሄዳሉ ወይ የሚለውን ያሳያል። በተለምዶ በቂ የሚባለውን 0.7 አለፈ ማለት ግን ልትለኩ የፈለጋችሁትን ለካችሁ ማለት አይደለም። «አለቃዬ ጥሩ ነው»፣ «አለቃዬ መልካም ሰው ነው»፣ «አለቃዬን እወደዋለሁ» ብላችሁ ብትጠይቁ አልፋው ሰማይ ይነካል። አንድ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ጠየቃችሁ እንጂ ምንም አልጨመራችሁም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጊዜ ካላችሁም ከሌላችሁም የማይቀር አንድ ሥራ አለ። መስክ ከመውጣታችሁ በፊት መላሾቻችሁን የሚመስሉ ጥቂት ሰዎችን ፈልጉና ቁጭ በሉ። ጓደኞቻችሁን አይደለም፣ የክፍል ልጆችንም አይደለም። ስለ ገበሬ ከሆነ ገበሬ፣ ስለ ደንበኛ ከሆነ ወረፋ ላይ ያለ ደንበኛ። ዓረፍተ ነገሩን አንብቡላቸው፣ ይመልሱ። ከዚያ «ይህ ምን ማለት መሰለዎት?» በሏቸው። «ለምን በጣም እስማማለሁ አሉ?» «ሲመልሱ የትኛው ቀን፣ የትኛው ሰው ትዝ አለዎት?» በሏቸው። በአንድ ከሰዓት ውስጥ ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር በአንድ ወር የማያሳያችሁን ታያላችሁ። «ተደራሽነት» የሚለውን ቃል አንዱ መንገድ ነው ይላል፣ ሌላው ዋጋ፣ ሌላው የሠራተኞቹ ፊት። ያንን ዓረፍተ ነገር አውጡት ወይም ለሦስት ክፈሉት።

ከዚያ ወደ ሃምሳ ሰው አስሞሉና የላይከርትን የራሱን ፈተና አድርጉ። ጠቅላላ ድምራቸው ከፍተኛና ዝቅተኛ የሆኑትን ሰዎች ለዩ፣ ዓረፍተ ነገሮቹን አንድ በአንድ አወዳድሩ። ሁሉም ሰው 4 እና 5 የመታበት ዓረፍተ ነገር ማንንም ከማንም አይለይም፤ ይውጣ። መጠይቁ ሲያጥር ጠያቂዎቻችሁ አይቸኩሉም፣ መላሿም ከአሥረኛው ጥያቄ በኋላ «አዎ፣ አዎ፣ አዎ» ማለት አትጀምርም። ከ40 ዓረፍተ ነገር 12 ቢተርፍ አትደንግጡ። ፈታኙ «ለምን 12 ብቻ?» ካላችሁ የጣላችኋቸውን 28ቱን ከነምክንያታቸው አሳዩት።